ሠንጠረዡን እስከ ታች አንብቡት

አገሩ ሁሉ የልጅ ሥነ ልቦና ሊቅ ሆኗል። የኬጂው ባለቤት፣ የወላጆች አሠልጣኝ፣ የቴሌቪዥን እንግዳ፣ ሁሉም ያችኑ ሠንጠረዥ ይዞ ይመጣል። እስከ 2 ዓመት እንዲህ፣ ከ2 እስከ 7 እንዲያ፣ ከ7 እስከ 11 ደግሞ ሌላ። ፒያዤ፣ ኤሪክሰን፣ ኮልበርግ እያለ የደረጃዎቹን ደራሲዎች ስም እንደ ታቦት ይጠራል። ልጁ ከረድፉ ዝንፍ ካለ ወዮለት! "ወደኋላ ቀርቷል" ይባላል። ለመሆኑ ይህ ሚዛን ከየት መጣ? ሲመዝን የምናየውስ ማንን ብቻ ነው?

ዣን ፒያዤ የሕፃንነትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የተነተነው በዋናነት የገዛ ሦስት ልጆቹን ቁጭ ብሎ በማየት ነው። ሎረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1958 የግብረ ገብ ደረጃዎቹን ያዋቀረው ከቺካጎና ከአካባቢዋ በተመረጡ 72 ልጆች ላይ ነው። ሁሉም ወንዶች! አብራው የሠራችው ካሮል ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 መጽሐፍ ጽፋ ያፋጠጠችውም በዚሁ ነው። ዳንኤል ሌቪንሰን ስለ አዋቂዎች የሕይወት ወቅቶች የጻፈው 40 አሜሪካውያን ወንዶችን ጠይቆ ነው። ሰዎቹን ማቃለሌ አይደለም። አስተውለዋል፣ ጠይቀዋል፣ ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡን ሕግ ያደረግነው እኛ ነን።

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ከዕድሜው ጋር የሚመጣጠን ዕድገት አላሳየም" ተብሎ ተጻፈበት። ጥፋቱ? የእንግሊዝኛዋን ቢ ገልብጦ ዲ ያደርጋታል። ወላጅ ይቅረብ ተባለና እኔ ሄድኩ። ዳይሬክተሯ ቢሮ ግድግዳ ላይ ምን ተለጥፎ ባገኝ ጥሩ ነው? የፒያዤ ሠንጠረዥ፣ ያውም ላሚኔት ተደርጎ! እዚያው ላይ እንደተጻፈው፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዓለሙ ጨዋታና ምናብ ነው። ታዲያ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው የቤት ሥራ ደብተር ምንድን ነው? ፒያዤ ራሱ የልጅን ዕድገት እንዴት እናፋጥነው የሚሉትን "የአሜሪካኖች ጥያቄ" እያለ ያላግጥባቸው ነበር። እኛ ጥያቄውን በወር ክፍያ እንሸጠዋለን። ሠንጠረዡም ሲያሻን ማስታወቂያ ነው፣ ሲያሻን ማስፈራሪያ።

ይኸው "ወደኋላ የቀረ" ልጅ ሱቅ ሲላክ መልሱን ቆጥሮ ነው የሚቀበለው። ምኑ ይደንቃል? እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪዎቹ ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን ሁለት እኩል ረድፍ ነገሮችን ለትንንሽ ልጆች አሳዩ። ሞካሪው ራሱ አንዱን ረድፍ ነካክቶ "አሁንም እኩል ናቸው?" ሲላቸው ብዙዎቹ ተሳሳቱ። ያንኑ ረድፍ አንድ "ባለጌ" የድብ አሻንጉሊት ሲያበላሸው ግን አብዛኞቹ "እኩል ናቸው" አሉ። ፓትሪሺያ ግሪንፊልድም ሴኔጋል ውስጥ ይህንኑ አየች። ውሃ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ሲገለበጥ መጠኑ ይለወጣል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ራሳቸው የገለበጡት ትምህርት ቤት ያልገቡ የዎሎፍ ልጆች ሞካሪዋ ከገለበጠችላቸው እጅግ የተሻለ መለሱ። ጉድለቱ ያለው ልጁ ዘንድ ነው ወይስ ጠያቂው ዘንድ? ይህን በሥልጠናው ላይ የነገራችሁ አለ? አይነግሯችሁም። ጠያቂው ጥፋተኛ ከሆነ ክፍያው በምን ይጸድቃል?

ይህ ገና ቀላሉ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ማንኛውም ኬጂ በር ላይ ቁሙ። ቦርሳውን በትከሻዋ፣ የውሃ ኮዳውን በአንገቷ፣ ልጁን በእጇ ይዛ የምትወጣውን አያችኋት? ቢበዛ 11 ዓመቷ ነው። "ላስተምርሽ" ተብላ ከገጠር የመጣች። ቤት ውስጥ ስሟ "ልጅቷ" ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንላለን፤ ማታ ግን እሷ ያቦካችውን በልተን፣ ሳህኑን እሷ እያነሣችልን፣ ስለ ልጅ ዕድገት ደረጃ እንከራከራለን! ኤሪክሰን ከ6 እስከ 12 ያለውን ዕድሜ ልጅ ወይ "እችላለሁ" ማለትን፣ ወይ የበታችነትን የሚማርበት ነው ብሎታል። የእሷን ረድፍ የጠየቀ ማን ነው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 አድርጓል፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ግን ከአዋጁ ውጭ ትቶታል። ስለዚህ ጓዳችን ውስጥ ሕጉም አይገባ፣ ሠንጠረዡም አይገባ።

ደግሞስ ኤሪክሰን የጻፈው ስምንት ረድፍ አይደለም እንዴ? አምስቱ እስከ ጉርምስና ነው፤ ሦስቱ የአዋቂ ናቸው። ሥልጠናው ሁልጊዜ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ለሻይ ይወጣል። ከሻይ መልስ ርዕሱ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል! ሰባተኛው ምን ይላል? ጎልማሳ ወይ ተተኪ ያፈራል፣ ያሳድጋል፣ ያስረክባል፤ ወይ ባለበት ይደርቃል። አሁን መሥሪያ ቤቱን፣ እድሩን፣ ማኅበሩን ተመልከቱ። የ32 ዓመት ሰው፣ ልጆች ያሉት፣ ሐሳብ ሲሰጥ "አንተ ገና ልጅ ነህ" ይባላል። ባዩ ማን ነው? 20 ዓመት ከወንበሩ ያልተነሣው ሊቀመንበር። ለ11 ዓመቷ የአዋቂ ሸክም፣ ለ32 ዓመቱ የልጅ ቦታ! ይህ ነው እኛ ያወጣነው የዕድገት ደረጃ። ዝም የተባለውም ዝምታን ለምዶ፣ 50 ሲሞላው ያችኑ "ገና ልጅ ነህ" ለተከታዩ ያቀብላል።

ይህን ሁሉ እናንተም ታውቁታላችሁ። ወላጅ ስብሰባ ላይ ትጠቃቀሳላችሁ፤ ዕድሉ ሲሰጣችሁ "ጥሩ ነው፣ በርቱ" ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ልጄን ይጎዱብኛል ብላችሁ። እንዲህ ዝም ስትሉ ያልተጎዳ መሰላችሁ?

ሠንጠረዡ ይቀደድ አላልኩም። እንዲያውም በትልቁ ታትሞ ይሰቀል። ግን እስከ ታች ይነበብ። የልጃችሁን ረድፍ በጣት ሲያሳዩዋችሁ "ቆይ፣ መጀመሪያ የኤሪክሰንን ሰባተኛ ረድፍ እንመዝን" በሉ። የሊቀመንበሩን፣ የዳይሬክተሯን፣ የራሳችሁንም። ቢ እና ዲ ይደርሳሉ። ልጁ ጊዜ አለው።