ሕጉ የማይደርስበት የጓሮ ገንዳ

በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ በአፓርታማ ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ልጆች ከመዋኛ ገንዳ አደጋ የሚጠብቃቸው የግዛት ሕግ አላቸው፤ ቤት የገዛው ቤተሰብ ልጆች ግን የላቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የቴክሳስ የጤናና ደኅንነት ሕግ ምዕራፍ 757፣ የኪራይ ሕንፃዎችና የቤት ባለቤቶች ማኅበራት የጋራ ገንዳቸውን ቢያንስ 48 ኢንች ከፍታ ባለው አጥር እንዲከልሉ፣ የአጥሩም በር በራሱ የሚዘጋና የሚቀረቀር እንዲሆን ያዛል። ከዚያ ዓመት ወዲህ በተሠሩት ላይ ደግሞ የሕንፃ በር በቀጥታ ወደ ገንዳው ግቢ እንዳይከፈት ይከለክላል።

ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ሕግ አውጪው አደጋው በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቁን ይመሰክራል። ሆኖም ቤተሰቡ በጋርላንድ ወይም በፕሌኖ ገንዳ ያለው ቤት ሲገዛ ምዕራፍ 757 አብሮት አይገባም።

ከተሞች የራሳቸው ደንብ አላቸው የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እርግጥ ግዛቱ በ2019 ባወጣው ሕግ ዓለም አቀፉን የመዋኛ ገንዳና የስፓ ኮድ ለከተሞች ተቀብሏል። ነገር ግን ኮዱ የሚጸናው ገንዳን ለመቆጣጠር በመረጠ ከተማ ውስጥ ነው፤ ያውም በአዲስ ግንባታ፣ በእድሳትና በጥገና ላይ። ከአርባ ዓመት በፊት የተቆፈረ ገንዳ ኮዱ ሳይነካው ባለቤት ሊለዋውጥ ይችላል።

የአካባቢው የእንጨት አጥር ጓሮውን በሦስት ጎን ይከባል፤ አራተኛው ጎን ቤቱ ራሱ ነው። አጥሩ የጎረቤትን ልጅ ይመልስ ይሆናል። የቤቱ ልጅ የሚወጣው ግን በሳሎኑ የመስታወት በር ነው። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል ቀዳሚው መስጠም ሲሆን፣ በዚህ ዕድሜ አብዛኛው የሚደርሰው በቤት ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳውን ከቤቱም የሚለይ ባለ አራት ጎን አጥር፣ ከባለ ሦስት ጎኑ ጋር ሲነጻጸር አደጋውን በ83 በመቶ እንደሚቀንስ ይታወቃል።

«ወላጅ ልጁን ይጠብቅ» የሚሉም አሉ። ማን ይክዳል? ነገር ግን ክርስትና ወይም ልደት በሚከበርበት ጓሮ፣ ሃያ አዋቂ በተሰበሰበበት፣ እያንዳንዱ ሌላው እያየለት ይመስለዋል፤ የሚሰጥም ሕፃንም ብዙውን ጊዜ ድምፅ አያሰማም። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ የ7 ዓመቷ ግሬም፣ በ2002 የሞተችው በግብዣ ላይ፣ በስፓ ውስጥ የፍሳሽ መምጠጫው ይዟት ነው። እናቷ ብቻዋን ልታላቅቃት አልቻለችም። በ2007 በስሟ የወጣው የፌዴራል ሕግ የሚሸጡ የመምጠጫ ክዳኖች ደረጃ እንዲያሟሉ ያስገድዳል፤ ነባሩን ክዳን የመቀየር ግዴታ ግን በሕዝብ ገንዳዎች ላይ እንጂ በግል ጓሮ ላይ አልጣለም።

ማኅበሩ አጥር አይፈቅድም የሚለው ሰበብ እንኳ ከ2021 ወዲህ አይሠራም፤ የደኅንነት መስፈርት የሚያሟላ የገንዳ አጥርን የቤት ባለቤቶች ማኅበር መከልከል አይችልም። ካሊፎርኒያ ከ2018 ጀምሮ ለአዲስና ለሚታደስ የቤት ገንዳ ከሰባት መከላከያዎች ቢያንስ ሁለቱን ትጠይቃለች፤ ቤት ሲሸጥ የሚመረምረው ባለሙያም የትኞቹ እንዳሉ ይመዘግባል። ቴክሳስ ምዕራፍ 757ን ወደ ግል ቤቶች ማስፋት፣ ቢያንስ በሽያጭና በኪራይ ጊዜ አጥሩና የመምጠጫ ክዳኑ እንዲመረመሩ ማዘዝ ይጠበቅባታል። የግዛቱ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤውን የሚያካሂደው በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ከጃንዋሪ ጀምሮ ቢበዛ ለ140 ቀናት ነው፤ ጥያቄው ከዚያ በፊት በየምርጫ ወረዳው ተወካይ እጅ መግባት አለበት።