ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን

ይድረስ በአሜሪካ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ዕድሮች ዳኞች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ሽማግሌዎች፤

ሰው ሲሞትብን እናውቅበታለን። መርዶው በተሰማ ማግስት ገንዘብ ተዋጥቶ አስከሬኑ አገሩ ይገባል፤ ለቀስተኛው ቤቱን ይሞላዋል፤ ሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድም፣ ምግቡ ከየጎረቤቱ ይመጣል። የዛሬው አቤቱታዬ ግን ሳትሞት እንደ ሞተች ስለቆጠርናት እናት ነው።

የዕድራችን አባል ነበረች። ስሟንም የታሰረችበትንም ጉዳይ አልጽፍም፤ ጥፋቷን አምና ፍርዷን ጨርሳለች። በተያዘች ዕለት ሁለቱን ልጆቿን ሶሻል ወርከር መጥታ ወሰደቻቸው። እዚህ አገር የሥጋ ዘመድ የላትም። በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ፤ ልጆቹን የሚያውቅ፣ ሊያስጠጋቸው የሚችል ሰው እየተፈለገ ነው ተባልኩ። ትርፍ ክፍል ነበረኝ። «ከባለቤቴ ጋር ልማከር» ብዬ ዘጋሁ፤ መልሼም አልደወልኩ። የፈራሁት ወጪውን አልነበረም፤ የሰው አፍ ነው።

ያን ጊዜ ቀን እየተቆጠረባት መሆኑን አላውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ኬር ካሳለፈ፣ ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ያዛል። ሕጉ የወጣው ልጆች ከቤት ቤት ሲንከራተቱ እንዳያድጉ ነው፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሁለት ዓመት የተፈረደባት እናት ግን ከእስር ሳትወጣ ወራቱ ሊሞላባት ይችላል። መብቷ ከተቋረጠ ልጇ ለሌላ ቤተሰብ በጉዲፈቻ ሊሰጥ ይችላል፤ በሕግ ዓይን እሷ ለወለደችው ልጅ ባዳ ናት።

ሕጉ ግን በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። ልጁ በዘመድ እጅ ካለ ግዛቱ ያንን ማመልከቻ አለማቅረብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ልጅ በተወሰደ በ30 ቀን ውስጥ አዋቂ ዘመዶቹ ተፈልገው እንዲነገራቸው ያዛል። ብዙ ግዛቶች የሥጋ ዝምድና ባይኖርም ለልጁ ቅርብ የሆነ ሰው እንዲያስጠጋው ይፈቅዳሉ፤ የክርስትና እናት፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው። እኔ የዘጋሁት ስልክ ይህ በር ነበር።

እሷ መብቷን አላጣችም፤ ጠበቃዋ ተሟግታ አተረፈችላት። ልጆቿን ለማስመለስ ግን ቤት፣ ሥራና የወላጅነት ሥልጠና ያስፈልጋት ነበር፤ አከራዮች ደግሞ ሪከርዷን እያዩ መለሷት። ከተፈታች በኋላ ልጆቿን ለመጀመሪያ ጊዜ በሶሻል ወርከር ፊት ስታገኛቸው ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ዘግይቼም ቢሆን። «የኔ ጌታ» ብላ ስታቅፈው ታናሹ ወደ እህቱ ዞሮ ምን እንዳለችው በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

ወላጅ ሁሉ ልጁ ይመለስለት አልልም። ልጁን የጎዳ ወላጅ አለ፤ እሱን ፍርድ ቤት ይመዝነው። እኔ የምለው፣ በእኛ ዝምታ ምክንያት ብቻ ልጁን የሚያጣ ወላጅ አይኑር ነው።

እስረኛ መጠየቅ ጽድቅ እንደሆነ ስታስተምሩን ኖራችኋል። እንግዲህ ልጅ ለማስጠጋት ፈቃደኛ የሆኑ ቤተሰቦችን ከወዲሁ መዝግቡ፤ የጣት አሻራና የቤት ፍተሻ እንዳለ ንገሯቸው። ልጆቹን ለጥየቃ የሚያመላልስ መኪና መድቡ፤ ለወራት የታሰረችው እናት ድምፅ ካልተሰማ ልጆቿን እንደተወች ሊቆጠርባት ይችላልና። ስትወጣም የሚያከራያትና የሚቀጥራት አይጥፋ፤ ቤት አከራይም ባለሱቅም በመካከላችን ሞልቷል። ከሁሉ በፊት ግን ሐሜቱን ገሥጹ። እኔን ስልክ ያስዘጋኝ እሱ ነው።

የዕድራችን ደንብ አባል ሲሞት ማን ምን እንደሚከፍል በዝርዝር ይናገራል። አባል ሲታሰር ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ግን አንድ መስመር የለውም። በሚቀጥለው ስብሰባ ያቺን መስመር ጨምሩ። ከሥሯ የሚመዘገበው የመጀመሪያ ስም የእኔ ይሁን፤ ክፍሉ አሁንም ባዶ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከዕድርተኞች አንዱ