ተመላሽ ቡድን በምን ሚዛን ይመዘናል?

ኮልፌ አጠና ተራ ገብቶ ለቤቱ ማገር የሚሆን እንጨት የሚገዛ ሰው፣ ዐዋቂ ከሆነ፣ ርዝመቱን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይከፍልም። ያነሣዋል፤ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ ብሎ ይጠይቃል፤ ጫፉን ይዞ ቀጥ ማለቱን በዓይኑ ይቃኛል፤ ነቀዝ እንዳልገባበትም ይመረምራል። ዋጋ የሚቈርጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አላዋቂው ግን ከሁሉ ረጅሙን መርጦ ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ ቤቱ ይጣመምበታል።

ይህን ማንሣታችን ስለ እንጨት ለመጻፍ አይደለም። በዚሁ በኮልፌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኳስ በቴሌቪዥን በሚታይባቸው ሻይ ቤቶች፣ አንድ ክርክር ደጋግመን ስለ ሰማን ነው። ክርክሩም ለብዙ ዘመን ከውድድር ርቆ የተመለሰ ቡድን ብርታቱ በእውነት ምን ያህል ነው የሚል ነው። አንደኛው ወገን ቡድኑ አንድ ጨዋታ አቻ ሲወጣ ዋንጫውን ያስረክበዋል። ሁለተኛው ወገን በማግሥቱ ሽንፈት ሲመጣ «ድሮስ!» ብሎ ይቀብረዋል። አንዱ በደስታው፣ ሌላው በንዴቱ ይናገራል እንጂ ሁለቱም አልመዘኑም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በዓለም የሞተርሳይክል እሽቅድምድም የታወቀው የጃፓኑ ሱዙኪ ቡድን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 መጨረሻ ከታላቁ ውድድር ወጥቶ በ2015 ተመለሰ። በተመለሰበት ዓመት በሰኔ ወር በካታሎኒያ በተደረገው የማጣሪያ ሙከራ ሁለቱ ጋላቢዎቹ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ተሰለፉ። ብዙ ሰው «አንበሳው ተመለሰ» አለ። ዋናው ውድድር ሲደረግ ግን አንደኛው ወደቀ፤ ሌላው ስድስተኛ ወጣ። አንድ ዙር በፍጥነት መዞርና ውድድሩን እስከ መጨረሻው መዝለቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በዚያን ቀን ታየ።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ሱዙኪ ተመላሽ በመሆኑ በደንብ የተፈቀደለት እርዳታ ነበረው። ነባሮቹ በአንድ ውድድር 20 ሊትር ቤንዚን ሲፈቀድላቸው ለእርሱ 24 ሊትር ተፈቀደ፤ ነባሮቹ በዓመት 5 ሞተር ብቻ ሲጠቀሙ ለእርሱ 12 ተሰጠው፤ ሞተሩንም በዓመቱ መካከል እያሻሻለ መሄድ ይችል ነበር። በ2016 በእንግሊዝ አገር አንድ ውድድር አሸነፈ፤ በጥሩ ውጤቱም ምክንያት እርዳታው ተነሣ። በ2017 እንደ ማንኛውም ቡድን ሲቈጠር፣ ለዓመቱ የመረጠው ሞተር ሳይስማማው ቀረ፤ እንዳይለውጠውም ደንቡ ከለከለው። ዓመቱን በሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ሳይገባ ጨረሰ፤ እርዳታውም ተመለሰለት። ይሁን እንጂ ሥራውን አላቆመም፤ በ2020 ጋላቢው ጆአን ሚር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ በ2015 አንበሳ ያለውም፣ በ2017 ሬሳ ያለውም ተሳስቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ 31 ዓመት ከዚህ ውድድር ርቆ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ተመለሰ። ይህን ቡድን ለመመዘን ብዙዎቻችን የያዝነው ሚዛን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዋንጫውን ያገኘው ቡድን ነበር። የ1954ቱ ድል እውነተኛ ድል ነው፤ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብጽን 4 ለ 2 ማሸነፍ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ዋንጫ የተሰለፉት አገሮች አራት ብቻ ነበሩ፤ ለዋንጫውም የበቃነው በሁለት ጨዋታ ነው። በ2005 የተሰለፉት 16 ነበሩ። አባትና ልጅን በአንድ ጫማ መለካት ለሁለቱም አይስማማም።

ወደ ውድድሩ የገባንበትንም በር እንመልከት። ቤኒንን ያለፍነው በአዲስ አበባ 0 ለ 0፣ በኮቶኑ 1 ለ 1 ተለያይተን፣ በሰው አገር ባገባነው ጎል ነው። በሱዳን በኦምዱርማን 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ሒሳቡ 5 ለ 5 ሆኖ ሳለ ያለፍነው በዚሁ ደንብ ነው። ይህ ድሉን አያሳንሰውም፤ ክሩ ግን ቀጭን እንደ ነበረ ያስረዳል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር የተደረገው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ዋንጫው በተወሰደ ልክ በ51 ዓመቱ ማለት ነው። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። የፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፤ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ጎልም ገባብን። ሆኖም በዐሥር ሰው ተጫውተን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣን። ያን ማታ ከተማው እንዴት እንደ ጨፈረ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከአራት ቀን በኋላ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስንጫወት ነገሩ ተገለበጠ። 1 ለ 0 እየተመራን ሳለ የእነርሱ በረኛ ተባረረ፤ እኛ ዐሥራ አንድ፣ እነርሱ ዐሥር ሆንን፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ጎል ጨመሩብን። በሦስተኛው ጨዋታ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ከያዝናት በኋላ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ በመጨረሻም ሌላ በረኛ ስለ ተባረረና ቅያሪ ስላለቀ የመካከል ተጫዋች በር ላይ ቆመ።

ሒሳቡ አንድ ነጥብ፣ አንድ ጎል ያገባ፣ ሰባት የገባበት ይላል። ይህን ብቻ የሚያነብ ቡድኑን ደካማ ይለዋል። ግን የሸነፉን እነማን ናቸው? ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች፤ ለዋንጫ የተጫወተቻትም ቡርኪና ፋሶ ነበረች። ከምድባችን የወጡት ሁለቱ የአህጉሩ አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ ማለት ነው። በእኛ ፍርድ የሰውነት ቢሻው ቡድን ለአንድ ቀን ከታላላቆቹ ጋር መቆም የሚችል፣ ልብ ያለው፣ ነገር ግን ለሦስተኛው ቀን ስንቅ ያነሰው ቡድን ነበር። በዛምቢያው ጨዋታ የታየው ልቡ ነው፤ በቡርኪናው ጨዋታ የታየው ልምዱ ነው፤ በናይጄሪያው ጨዋታ የታየው የተቀማጮቹ ቁጥር ማነስ ነው።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች በተለይ ልንነግራቸው የምንፈልገው ግን ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን ነው። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በአገሯ፣ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸነፍን። ሕዝቡ ምድቡን አሸነፍን ብሎ ሲደሰት፣ በቦትስዋናው ጨዋታ ቅጣት ያለበት ተጫዋች መሰለፉ ተሰማ። ሦስት ነጥብ ተነጠቀ። ይህን ነጥብ ያሳጣን የቦትስዋና አጥቂ አይደለም፤ ሁለት ቢጫ ካርድ በመዝገብ ላይ አለመታየቱ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ቡድኑ ግን ጳጉሜን 2 ቀን የመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በ13 ነጥብ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ለብራዚል የሚያደርሰውን የመጨረሻ ማጣሪያ በናይጄሪያ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 ተሸንፎ ቀረ። እኛ እንደምናየው ከዚህ ቡድን ሥራ ሁሉ ብርታቱን በትክክል የሚያሳየው ይህ ነው፤ በጠረጴዛ የጠፋውን በሜዳ መልሷልና።

ሁለተኛው መመለስ በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን ሆነ። ለኬፕ ቨርዴ በዐሥር ሰው 1 ለ 0፣ ቀድመን ጎል ካገባን በኋላ ለካሜሩን 4 ለ 1 ተሸነፍን፤ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጣን። ነጥቡ እንደ ፊተኛው አንድ ነው። ውድድሩ ግን ወደ 24 አገር ሰፍቶ ስለ ነበር በሩ እንደ ፊቱ ጠባብ አልነበረም። በሌላ በኩል ፊተኛው መመለስ 31 ዓመት ሲፈጅ የኋለኛው 9 ዓመት ብቻ ፈጀ። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ቡድኑ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ጨዋታው የእኛ የሜዳ ጨዋታ ሆኖ ሳለ የተደረገው ግን በማላዊ በሊሎንግዌ ነበር፤ በአገራችን ያሉት ስታዲዮሞች ለኢንተርናሲዮናል ጨዋታ ብቁ አይደሉም ስለ ተባለ ነው። የሞተርሳይክሉ ቡድን ተመላሽ ሲሆን ቤንዚን ተጨመረለት፤ የእኛው ቡድን ሜዳው ተቀነሰበት። ይህን በሚዛኑ ላይ ሳያስቀምጡ ተጫዋቹን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ሚዛን ቀላል ነው። ተመላሽን ቡድን በአንድ ቀን ጨዋታ አንፍረደው። ማን እንዳሸነፈው፣ በስንት ሰው እንደ ተጫወተ፣ የገባበት በር ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበረ እንጠይቅ። የተሰጠው እርዳታ ሲነሣ ይቆማል ወይ? መዝገቡና ሜዳው ከእግሩ ጋር እኩል ይሮጣሉ ወይ? ከሁሉም በላይ ከውድድር ሲወጣ ለመመለስ ስንት ዓመት ፈጀበት?

ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ይህን ስታነቡ ነገሩ ለኳስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነገ ተዘግቶ የተከፈተ ፋብሪካ፣ ተቋርጦ የተጀመረ ትምህርት ቤት፣ ታሞ የተነሣ መሥሪያ ቤት በእጃችሁ ይገባል። በመክፈቻው ቀን ጭብጨባ አትታለሉ፤ በመጀመሪያው ጉድለትም አትዝጉት። የኮልፌው እንጨት ገዥ እንደሚያደርገው አንሡት፤ መዝኑት፤ ከዚያ ዋጋውን ቁረጡ።