«ታጥቤ ነው ጥርሴ የተነቃነቀው» ለምትሉ

ሰሞኑን አንድ የጭፍራ ወዳጄ የላከልኝን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ባጭሩ «ጥርሳችሁን እንዳታሳጥቡ፣ ጥርስ ያላላል፤ እኔ አሳጥቤ ሦስት ጥርሴን አጣሁ» ይላል። ከሥሩ «እውነት ነው፣ እኔም!» የሚል መዓት ሰው ተሰልፏል። አዋሽ ያለ ሾፌር፣ ሰመራ ያለ የቢሮ ሠራተኛ፣ ጭፍራ ላይ የማውቃቸው ነጋዴዎች። ሁለቱ ደግሞ የራሴ ተማሪዎች ናቸው፣ ያውም የጤና ባለሙያዎች! ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ጥርስን አቁሞ የያዘው አጥንት ነው። ድድ ያንን አጥንት የሚሸፍን ልብስ ነው በሉት። በየቀኑ ጥርሳችን ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ነገር የተህዋስያን ክምር ነው፤ ካልተፋቀ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም እያጠነከረው በቀናት ውስጥ ወደ ድንጋይነት መለወጥ ይጀምራል። ታርታር የምንለው እሱን ነው። አንዴ ከጠነከረ ብሩሽም፣ መፋቂያም፣ በአፍዴራ ጨው መጉመጥመጥም አያወርደውም። ድዱ ይቆጣል፣ ሲቦርሹት ይደማል።

እዚህ ላይ ከተደረሰበት ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ሃራልድ ሎ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ መቦረሽ ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳነ። ተማሪዎቼ ይህንን ፈተና ላይ ጽፋችሁልኛል፣ ረሳችሁት እንዴ?

ካልተደረሰበትስ? አንዳንዱ ሰው ላይ ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጠራል። ጤነኛ ድድ ሲለካ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኪሱ ውስጥ ብሩሽ የማይደርስበት ነገር ተደብቋል። ቁጣው ወደ ውስጥ ይገባና አጥንቱን ቀስ እያለ ይበላዋል፣ በዓመታት። ክፋቱ ደግሞ አያምም! የተቦረቦረ ጥርስ ሌሊት ያስጮሃል፤ ይሄኛው ግን ትንሽ ደም፣ ትንሽ ጠረን ነው፣ በቃ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ደሙም ይቀንሳል። ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ሌሊቱን በሲጋራና በጫት የምትነዱ ወንድሞቼ፣ «የእኔ ድድ አይደማም» ብላችሁ አትኩሩ።

እንግዲህ ወደ «አላላው» እንምጣ። አጥንቱ ግማሽ ድረስ ተበልቶ ያለቀ ጥርስ ላይ ታርታሩ ጥርሶቹን እርስ በርስ አጣብቆ አቁሟቸው ይሆናል። ምሰሶውን ምስጥ የበላው ቤት አይታችኋል አይደል? የያዘው ልስኑ ብቻ ነው። ልስኑ ሲነሳ ቤቱ ይወዛወዛል። ታዲያ ምስጡን ትተን ልስን ያነሳውን ሰውዬ እንክሰስ? እውነቱን ለመናገር ከእጥበቱ በኋላ የሚቀየር ነገር አለ። ያበጠው ድድ ስለሚሟሽሽ ጥርሱ ረዝሞ ይታያል፣ መሀሉ ይከፈታል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ሳምንታት ይጠዘጥዛል። ይሄንን ቀድሞ ያልነገራችሁ ባለሙያ ጥፋተኛ ነው። ድንጋዩን ማንሳቱ ግን ጥፋት አይደለም።

«ማጠብ» የሚለው ቃል ራሱ ጎድቶናል። መኪና ነው የሚታጠብ። ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ በሩብ ሰዓት ከድድ በላይ ያለው ይፋቃል፣ ጥርሱ ይወለወላል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ድዱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ይሄ ይበቃዋል። ኪስ ላለበት ሰው ግን ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ ምስጡን እንደመተው ነው። ትክክለኛው ሕክምና ከመጀመሪያው ይለያል። ሚሊ ሜትር በተጻፈበት ቀጭን ብረት የእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ይለካል፣ ራጅ ይነሳል፣ በማደንዘዣ መርፌ ከተደነዘዘ በኋላ እስከ ኪሱ ጥልቀት ተገብቶ የሥሩ ገጽ ይጸዳል። ሰዓት ይፈጃል፤ ከአንድ በላይ ቀጠሮም ሊኖረው ይችላል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እንደገና ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ በየሦስት ወሩ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። አንድ ጊዜ አሳጥቦ ለአምስት ዓመት መጥፋት የለም።

ተአምር አልሸጥም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት ጥርሱ በአማካይ መልሶ የሚያገኘው መያዣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ዋናው ትርፍ መበላቱ መቆሙ ነው። በ50 ዓመት ሥጋ ማኘክና አለማኘክን የሚለየው እሱ ነው።

«አያቴ በመፋቂያ ብቻ ሙሉ ጥርሱን ይዞ ነው የሞተው» የምትሉኝም አላችሁ። እውነት ሊሆን ይችላል! ያው ሃራልድ ሎ ከባልደረቦቹ ጋር በስሪላንካ የጥርስ ሕክምና ያላገኙ 480 የሻይ እርሻ ሠራተኞችን ለ15 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ጥናት አለ። 11 በመቶ የሚሆኑት ሕክምና ሳያገኙ በሽታው አልገፋባቸውም። 81 በመቶው በመካከለኛ ፍጥነት፣ 8 በመቶው ግን በጣም በፍጥነት ተጎዱ። አያትህ ከ11ዱ ነበሩ፣ እሰየው። አንተ ከየትኛው እንደሆንክ ሳይለካ በምን አወቅህ? መፋቂያን አልነቅፍም፤ አፋሮች ዓዳይቶ የሚሉት ግሩም መፋቂያ ነው፣ በደንብ ከተጠቀሙበት ከብሩሽ አያንስም። ግን ኪስ ውስጥ አይገባም። ድድ መነቀስም እንዲሁ፤ እናቶቻችን ለውበትም «ድድ ያጠነክራል» ብለውም ተነቅሰዋል። ውበቱን አልከራከርም፣ መድኃኒት ግን አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደገ ሰው ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ብዙ ጊዜ ቆሻሻ አይደለም። ጥርሱ ሲሠራ ከጉድጓድ ውኃ የገባ ፍሎራይድ ነው። ታጥቦ አይለቅም፤ «አሳጠብኩ፣ አልነጣም» ብሎ መቆጣት አይገባም።

አሁን ለተማሪዎቼ። በየጤና ጣቢያው የማየው ልማድ ያናድደኛል። ድዴ ደማ ላለ ሰው አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ይጻፍለታል። ደሙ ለሁለት ሳምንት ይቀንሳል፣ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፣ ድንጋዩ እዚያው ነው። ሁለት ሦስት ዙር እንዲህ ይሄድና ጥርሱ ሲነቃነቅ ይነቀላል። ሊተርፍ የሚችል ጥርስ! ያለ ጽዳት የሚሰጥ ፀረ ተህዋስያን ተለጥፎ የጠነከረውን ክምር አያጠፋም፤ የሚያተርፍልን መድኃኒት የለመደ ተህዋስ ነው።

«ጭፍራ ላይ ይሄ ሁሉ የት አለ?» ትሉኛላችሁ። ክርክሩ ይሄ ብቻ ነው ልክ። በ2014 ጦርነት ውስጥ ገብታ የወጣች ከተማ መጀመሪያ ስለ ወሊድና ስለ ክትባት ብታስብ ማንም አይፈርድባትም። ከብቱን ትቶ ወደ ዱብቲ ወይም ወደ ወልድያ አራት ጊዜ የሚመላለስ አርብቶ አደርም የለም። ግን ማን ነው አራት ጊዜ ተመላለስ ያለው? አፉን በየሩቡ ከፍሎ በየሳምንቱ መቅጠር ከተማ ላይ ላለ ሰው የወጣ ልማድ ነው። ኮክሬን የሚባለው የጥናት መዛኝ ድርጅት ሁለቱን መንገድ አወዳድሮ፣ መላ አፉን በ24 ሰዓት ውስጥ ማጽዳትና በየሳምንቱ ከፋፍሎ ማጽዳት በውጤት ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንደሌላቸው ደምድሟል። ስለዚህ ሰመራና ዱብቲ፣ ወልድያና ደሴ ያላችሁ ልጆቼ፣ ከጭፍራ የመጣን ሰው ዛሬ ከሰዓት አንዱን ጎን፣ ነገ ጠዋት ሌላውን ጨርሱለት። አሳድራችሁ ሸኙት እንጂ «የዛሬ ሳምንት ና» ብላችሁ አትግደሉት። ጭፍራ ያላችሁት ደግሞ መለኪያዋን ብረት ያዙ፤ ለክታችሁ የቸኮለውን ለይታችሁ ላኩ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ የስኳር ሕመምተኞችን ላኩ። ስኳር ድድን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳርን ያስቸግራል፤ በጥናት እንደታየው የድድ ሕክምና የሦስት ወሩን የስኳር ልኬት በ0.4 ነጥብ ገደማ ያወርዳል። ሌላ ኪኒን ከመጨመራችሁ በፊት አፉን ክፈቱና እዩት።

ለመታከም የወሰናችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ወይም የልብ ቫልቭ ችግር ያለባችሁ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ለባለሙያው ተናገሩ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ።