ዓሣውም የእኛ፣ መረቡም የእኛ፤ ሕጉስ የማነው?

ስደተኛ ዓሣ አለን ብንላችሁ ታምኑናላችሁ? አለን። ባሌ ነው የሚኖረው።

ዲንሾ አካባቢ፣ ወይብና ደንካ በሚባሉት ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ፣ ገላው ነጠብጣብ የጣለበት ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። አገሩ ባሌ አይደለም። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ከኬንያ መጥቶ ወንዝ ውስጥ የተለቀቀ ነው። ወደ ኬንያም ያመጡት እንግሊዞች ናቸው። እንግሊዝ በሄደበት አገር ሁሉ ሻዩንና ማጥመጃ ዘንጉን ሳይዝ አይሄድም ይባላል፤ ባሌ የደረሰው ግን ዓሣው ብቻ ነው። ዓሣው አብሮት ሊመጣ ይገባው የነበረውን ነገር አገሩ ጥሎት መጣ፦ ሕጉን።

በእንግሊዝ አገር ዕድሜው 13 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ትራውት ለማጥመድ ዘንጉን ውሃ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ከ13 እስከ 16 ዓመት ላለ ልጅ ፈቃዱ በነፃ ነው፤ ቢሆንም ማውጣቱ ግዴታ ነው። ያለ ፈቃድ የተያዘ ሰው እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ፈቃዱን ያወጣ ሰውም ቢሆን እንዳሻው አይሆንም። ወንዙ ባለቤት ካለው የባለቤቱን ፈቃድ ለብቻው ይጠይቃል። ቀኑ በየአካባቢው ቢለያይም፣ ትራውት እንቁላሉን በሚጥልበት ወቅት ወንዙ ላይ ትራውት ማጥመድ ክልክል ነው። ሳልመን የሚያጠምድማ ስንት እንደያዘ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ኒውዚላንድ ደግሞ ከዚህም ትብሳለች፤ ትራውት ታጠምዳለህ፣ ትበላለህ፣ ትሸጣለህ ማለት ግን ዘበት ነው። ሽያጩ በሕግ የተከለከለ ነው። ልብ በሉ፣ እዚያም ትራውቱ መጤ ነው!

መጀመሪያ ይህን ስናነብ ስቀን ነበር። «ለአንዲት ዓሣ ይሄ ሁሉ ወረቀት?» አልን። ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ ለዓሣም መታወቂያ ያወጣል ብለን ተሳለቅን። ሳቃችን የቆመው ባሕር ዳር ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነሐሴ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን፣ ሦስታችንም ጋዜጠኝነት የተማርን ሥራ ፈላጊዎች፣ ባሕር ዳር ሄድን። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልቱ ወጣቶች ዘንድ ቆምን። አንደኛው ልጅ አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ አጋድሞ ሆዱን ሲሰነጥቀው ከውስጡ እንደ ምስር የተድበለበለ ቢጫ እንቁላል ተዘረገፈ። እፍኝ ሙሉ አይደለም፤ ሁለት እፍኝም ይሆናል። ልጁ ጠራርጎ ለአሞራ ወረወረው።

«ሁሉም እንዲህ ናቸው?» አልነው።

«እህቶቼ፣ በዚህ ሰሞን ሁሉም እርጉዝ ናቸው። ወንዝ አፍ ላይ ነው የሚያዙት» አለን፤ ቢላዋውን እያጠበ።

ዓሣውን ገዝተን በላን። መቼም አንዋሽም፣ ይጣፍጥ ነበር። ግን ጥያቄው ጉሮሯችን ላይ ቀረ፤ እነዚህ ዓሦች ወንዝ አፍ ላይ ምን ይሠሩ ነበር?

እናንብብ አልንና አነበብን። ያነበብነው ጣና ላይ የእኛው «ትራውት» እንዳለ ነው የሚነግረን።

ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ ነው። በጢስ ዓባይ በኩል 40 ሜትር ገደማ የሚወርድ ፏፏቴ ስላለ፣ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። በዚህ የተነሣ የሐይቁ ዓሦች ለብቻቸው ተዘግተው ኖሩ። ዘመን ሲያልፍ አንዱ የነጭ ዓሣ ዘር እየተከፋፈለ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች ወጡት። ከእነሱም ገሚሶቹ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ይህ ወገን አገጩ ላይ ጥርስ የሌለው የዓሣ ወገን ስለሆነ፣ አዳኝ መሆኑ ለሳይንቲስቶች ትልቅ ግርምት ነው። በዓለም ላይ ይህን የሚመስል የዚህ ወገን የዓሣ ቤተሰብ በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ ውስጥ ነበር። «ነበር» ነው የምንለው፤ በሰው እጅ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የቀረው የእኛ ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ልክ እንደ ትራውቱ ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ... ወደ እነዚህ ወንዞች ሽቅብ ዋኝተው፣ ጠጠር ያለበትና ንጹሕ ውሃ የሚፈስበት ገባር ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው ነው። ሠርግ ቤት በር ላይ ቆሞ ሙሽራ እንደመጥለፍ ያለ ነገር።

እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ጣና ላይ የሚያጠምደው በአብዛኛው በደንገል ታንኳ ነበር። እ.ኤ.አ በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በፕሮጀክት ገባ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለተቸገረ ሰው ሥራ፣ ለከተማ ምግብ። የዓመቱ ምርትም እ.ኤ.አ በ1987 ከነበረው 39 ቶን በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 360 ቶን ደረሰ። ሪፖርቱ ላይ ይህ «ዕድገት» ተብሎ ይጻፋል። የሐይቁ ሒሳብ ግን ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ በ1991 እና በ2001 መካከል የነጭ ዓሣው ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2004 አሳትመዋል። ከአራት ሦስቱ ሄደ ማለት ነው። በአሥር ዓመት!

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። «ሕግ የለንም» የሚል ካለ ይቅርታ ይጠይቅ። አለን። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል የፌዴራል አዋጅ አለ። ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ይላል፣ ስለ ዓሣ ተቆጣጣሪም ይደነግጋል። የአማራ ክልልም በዚያው ሰሞን የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ሕግ ነው። ሕጉ ጎልማሳ ሆኗል፤ ሥራ ግን አልጀመረም።

አንድ ቢሮ ሄደን «የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ምን ምን ያስፈልገዋል?» ብለን ጠየቅን። በትሕትና አስተናገዱን፤ ሐሰት አንናገርም። አንድ ባለሙያ መሳቢያ ከፍተው፣ ሌላ መሳቢያ ከፍተው፣ በመጨረሻ ፈገግ አሉና «ልጆቼ፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይመጣም» አሉን። አያችሁ? ፈቃዱን ያልጠየቀው አጥማጅ ብቻ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠውም «ፈቃድህ የታለ?» ብሎ ወንዝ አፍ ድረስ አልሄደም።

ይህን ስንል ምን እንደምንባል እናውቃለንና አስቀድመን እንመልስ።

«ድሃ ከምን ይኑር? ከተሜዎች አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የወይጦን ልጅ እንጀራ ልትነጥቁ ነው» የሚል ይመጣል። ክርክሩ ልብ ይነካል፣ ግን ተገልብጧል። በደንገል ታንኳው ዳር ዳሩን የሚያጠምደው ሰው ጣናን አላራቆተም፤ ለዘመናት ሲኖርበት ዓሣው ነበር። ዓሣው ሲያልቅ ግን መጀመሪያ የሚራበው እሱ ነው። ሞተር ያለው ሞተሩን ሸጦ ሌላ ንግድ ይገባል። ታንኳ ያለው ታንኳውን ለማን ይሸጣል? ቁጥጥር የሌለበት ሐይቅ የጉልበተኛ ሐይቅ እንጂ የድሃ ሐይቅ ሆኖ አያውቅም።

«ፈቃድ ማለት ለቢሮክራት ጉቦ መክፈቻ በር ነው» የሚልም አለ። በዚህኛው ግማሽ በግማሽ እንስማማለን። ፈቃድ ወረቀት ብቻ ከሆነ በእርግጥም ጉቦ ነው የሚወልደው። ስለዚህ መልሱ ፈቃዱን መተው ሳይሆን ብሩ የት እንደሚሄድ ማሳየት ነው። እንግሊዛዊው ለትራውት የሚከፍለው ገንዘብ ተመልሶ ለዓሣውና ለውሃው ሥራ ይውላል፤ ለዚያ ነው ብዙም ሳያጉረመርም የሚከፍለው።

«ችግሩ መረብ አይደለም፣ እምቦጭ ነው» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይወደዳል፤ ምክንያቱም አረም ጠበቃ የለውም። እምቦጭ ክፉ ነው፣ አንከራከርም። ግን ቀኑን ተመልከቱ። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ በ2011 ነው። ከአራት ሦስቱ ዓሣ የሄደው ከ2001 በፊት ነው። አረሙ ከመምጣቱ አሥር ዓመት ቀድሞ የጠፋውን ዓሣ በአረሙ ማሳበብ ይቻላል? ለልቅሶ የመጣን እንግዳ «አንተ ነህ የገደልከው» እንደማለት ነው። ዛሬ ላይ በእርግጥ ሸክሙ ብዙ ሆኗል። ለመስኖ ተብለው በርብና በቆጋ የተሠሩት ግድቦች ዓሣው ሽቅብ የሚወጣበትን መንገድ ይቆርጣሉ። ወንዞቹ ላይ በብርብራ ፍሬ ውሃውን አደንዝዞ የሚያጠምድም አለ። መንገዱ በጠበበ ቁጥር ግን በሩ ላይ የተዘረጋው መረብ ጉዳቱ ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሐይቁ ይዘጋ አንልም። የወንዞቹ አፍና ወንዞቹ ብቻ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብቻ ለማንኛውም መረብ ዝግ ይሁኑ። በዚያ ጊዜ ቆሮሶና አምባዛ ከወንዝ አፍ ርቆ ማጥመድ ይቻላል። አጥማጁ ሥራ አይፈታም፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ።

ሁለተኛ፣ ፈቃዱ እንደ አቅም ይሁን። ለታንኳ በነፃ ወይም በሳንቲም፤ ለሞተር ጀልባና ለብዙ መረብ ግን ጠንከር ያለ ክፍያ። የእንግሊዝ ልጅ በነፃ ፈቃድ ከተሰጠው፣ ነፃ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም ልትሉን አትችሉም። ጥቅሙ ማን እንደሚያጠምድ ማወቁ ነው። ያልተቆጠረን ነገር ማንም አይጠብቅም።

ሦስተኛ፣ ያ ባለ አንድ ክር፣ ዓይኑ ጠባብ የላስቲክ መረብ ሐይቁ ላይ ሳይሆን ኬላ ላይ ይያዝ። አጥማጁ ቤቱ ፈትሎ አልሠራውም፤ ከውጭ ተጭኖ የገባ ነው። አንዱን ነጋዴ ከመያዝ ሺህ ድሃ ማሳደድ ለምን እንደሚቀል እናውቃለን፤ ግን ፍትሕ አይደለም።

አራተኛ፣ ከፈቃድ የሚሰበሰበው ገንዘብ ስንት እንደሆነና ምን እንደተሠራበት ወደቡ ላይ በትልቅ ሰሌዳ ይጻፍ። በአማርኛ፣ በግልጽ ቁጥር።

አምስተኛም አለን፤ እሱ ግን ለመንግሥት አይደለም። ለእኛ ነው።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እንተወው። የሚበላው ሰው ግን ብዙ ነው፣ ገበያውም የሚደራው ያኔ ነው። ነጭ ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ እንቁላል አዝሎ ተራ የሚጠብቀውም ልክ ያኔ ነው። መረቡን የሚዘረጋው አጥማጁ ቢሆንም መረቡን የሚስበው የእኛ ሆድ ነው። በዚህ ወቅት ምግብ ቤት ገብቶ «ዓሣው ምንድን ነው? ነጭ ከሆነ ይቅርብኝ፣ ቆሮሶ ስጡኝ» ማለት ፈቃድም፣ ተቆጣጣሪም፣ አዋጅም አይጠይቅም።

እኛ ያን ዕለት አላልንም። አላወቅንም ነበር እንበል። አሁን ግን እናንተም አውቃችኋል፤ ስለዚህ ሰበቡ ለሁላችንም አልቋል።

ባሌ ያለው ስደተኛ ትራውት አንድ ቀን ቢጠፋ በሌላ አገር ብዙ ዘመድ አለው፤ ኬንያም አለ፣ እንግሊዝም አለ፣ ኒውዚላንድም አለ። የጣናው ነጭ ዓሣ ቢጠፋ ግን ከየት እናመጣዋለን? ከማን እንበደራለን?