ሳይቆለፍ ያደረ መዝገብ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓቱን በሚያድስበት ሰዓት፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። በዚያ ሌሊት 490 ሺህ ያህል ግብይቶች መፈጸማቸውንና ችግሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ባንኩ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ መነጋገሪያ የሆነው በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሥነ ምግባር ነበር። ይበልጥ የሚከብደው ጥያቄ ግን ተቋማዊ ነው፦ ሒሳብ ማመሳከር ባልተቻለበት ሰዓት ማሽኑ ለምን መክፈሉን ቀጠለ?

በቁጠባ ደብተር ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ደብተሩ በአንድ ሠራተኛ እጅ ሳለ ሌላው ሊጽፍበት አይችልም፤ ወረቀቱ ራሱ ቁልፍ ነበር። ኮምፒውተር ግን አንዱን መዝገብ በአንድ ቅጽበት ለብዙዎች ይከፍታል። 1,000 ብር ያለበትን ሒሳብ ሁለት ማሽኖች እኩል ቢያነቡ፣ ሁለቱም 1,000 ብር ከፍለው «ቀሪ ዜሮ» ብለው ይመዘግባሉ። የኋለኛው ጽሑፍ የፊተኛውን ይሸፍነዋል፤ ከቀሪ ሒሳቡ ላይ ጉድለቱ አይታይም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ከጀርባ የሚካሄደው ሥራ እስኪጠናቀቅ መዝገቡን ከለውጥ መቆለፍ።

መቆለፍም ዋጋ አለው። በዚያ ዓርብ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሥራ መውጫ ሰዓት ነበር። «ሌሊት መዝገቡን የሚነካ የለም» የሚለው ግምት፣ ለእናቱ የመድኃኒት መግዣ የሚልከው ሰው ገና ቀን ላይ መሆኑን ይዘነጋል። ሳይቆለፍ ሲቀር ደግሞ ኪሳራው በመንግሥት ባንክ በኩል በሕዝብ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጉዳዩ ለቴክኒክ ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም፤ ዋጋውን ማን ይሸከም የሚል የፖሊሲ ውሳኔ ነው።

በብሪታንያ ቲኤስቢ ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ሥርዓቱን ሲያዛውር ለተፈጠረው ቀውስ፣ ተቆጣጣሪዎች በ2022 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥተውታል። የማይገባውን ገንዘብ የወሰደ ሰው መመለሱ ተገቢ ነው፤ ተጠያቂነቱ ግን ከተቋሙ ሊጀምር ይገባል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሦስት ግዴታዎችን ቢጥል ይበጃል፦ እድሳቱ የሚነካቸው መዝገቦች ብቻ ይቆለፉ፤ ሰዓቱ በውጭ ላሉ ደንበኞች ጭምር አስቀድሞ ይነገር፤ ማመሳከር ሲሳን ክፍያ በራሱ ይቁም። ገንዘቡ ለምንና እስከ መቼ እንደሚዘገይ ያወቀ ላኪ ይታገሣል፤ በመዝገቡ ላይ ያለው እምነት ከተናጋ ግን ሌላ መላኪያ መንገድ ይፈልጋል።