ጉበትም ስኳር ያመርታል

ካዛንቺስ ካፌ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት እናቷን እንደ ፖሊስ መርማሪ ታፋጥጣለች፦ «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ማታ ደብቀሽ ምን በላሽ?» እናት ፊት ስኳር ያልገባበት ማኪያቶ፣ እጃቸው ላይ የጠዋቱ የደም ስኳር ልኬት የተጻፈባት ትንሽ ደብተር፤ 168 ትላለች። «ኡራኤልን! ግማሽ እንጀራ በጎመን!» እኔ አመንኳቸው። ስኳር በአፍ ብቻ አይገባም፤ ጉበትም ያመርታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች ሲጨምሩ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ኢንሱሊን በወጉ በማይሠራበት ሰውነት ውስጥ የሚገታው የለም፤ ስለዚህ ጦም ያደረ ሰው ከመኝታው ሰዓት የበለጠ ቁጥር ሊያነብ ይችላል። የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ሜትፎርሚን በዋናነት የሚሠራውም እዚሁ ጉበት ላይ ነው። የእንቅልፍ እጦት፣ ኢንፌክሽን፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት፣ ጭንቀትም ስኳርን ያንራሉ (ካዛንቺስ ሲፈርስ የስንቱ ስኳር እንደወጣ ማን ለካ?)። ልጅቷ አሳቢ ናት፤ ምርመራዋ ግን ቦታውን ስቷል። እኔ ብሆን ጎመኑን ትቼ ሐኪሙን እጠይቅ ነበር፦ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ ውጤት ስንት ነው? የመድኃኒቱስ መጠን ይበቃል?